በአንድ ሳጥን የሄዱት ዓሣና ውሃ

ኤንጊ፣ ጥር 3 ቀን 1709 በሸለቆው አቆጣጠር፤ በከተማው ጥር 14

ለክቡር ዶክተር ሰሎሞን ኤርኒ፣ ዙሪክ

ክቡር ሆይ፤

የጌታ ሰላም ከቤትዎ፣ ከሕሙማንዎና ከስብስብ ክፍልዎ አይለይ። መልሴ አራት ቀን በመዘግየቱ ይቅርታ እለምናለሁ። ቀለሙ በዕቃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ረግቶብኝ በብብቴ ይዤ አሟሙቄ ነው ይህን የምጽፈው። መስመሩ ቢጣመም ከብርዱ እንጂ ከግድ የለሽነት አይቁጠሩብኝ።

ስለ ጤናዬ ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን እንደ ወትሮው ይርቀኛል። ለእናቴ መልእክቴን ስላደረሱልኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብልቃጥና ድንቅ ነገር እንድሰበስብልዎ የላኩኝ ወደዚህ ሸለቆ ነውና፣ ለሰዎቹ ሕግዎን በትክክል ነግሬ እንደ ሆነ ጠይቀውኛል። ነግሬአለሁ። የታመመ ሰው የንጋት ሽንቱን፣ እንደ ወጉ ውሃ እንበለውና፣ አፉን ለሰው ሳይፈታ በብልቃጥ ይሰጠኛል። ከብልቃጡ ጋር አንድ ድንቅ ነገር፣ ድንጋይም ይሁን ቀንድ ወይም ቅርፊት፣ ይጨምራል። ክቡርነትዎ ውሃውን አይተው ፍርድዎን ይጽፋሉ፤ ፍርዱም በቤተ ሰቡ ፊት ይነበባል። ሌላ ክፍያ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እንዲያውም ልጆች እየተጫወቱ “ብልቃጥህን ከነድንቅህ!” ይባባላሉ።

ደግሞም የካስፓር ቤት ስለ ዓሣው ለምን እንቢ እንዳለ ጽፈው ጠይቀውኛል። እንቢ ያለው ቤቱ አይደለም፤ ሬጉላ ናት። ካስፓር እኔ የማድርበት ቤት ባለቤት፣ ለጣሪያና ለጽሕፈት የሚሆን ሰሌዳ ድንጋይ ሲሰነጥቅ ያረጀ ሰው ነው። ሬጉላ ምራቱ ናት። ባሏ በሆላንድ ወታደር ቤት ስላለ ከአማቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ዓሣውን ከድንጋይ ካባው ፈልፍሎ ያወጣው አባቷ ነው፤ በዚያው ዓመት ካባው ተንዶ ገደለው። ስታገባ ይዛ የመጣችው ንብረት ያ ዓሣ የታተመበት ድንጋይ ብቻ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሎ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ያህላል፤ በአፉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ጭራው ወደ ውጭ ቀርቷል።

አሁን ግን ራሷ አወረደችው። ከመከር ጀምሮ እግሮቿ አብጠዋል። ባቷን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ወደ ላይኛው ክፍል ስትወጣ በደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። ካስፓር ስንፍና ነው ይላል። እርሷም በፊቱ እንዲህ አለችኝ፦ “ጸሐፊው፣ ጌታህ ዓሣውን ከወደደው ይውሰደው። እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ታማለች ካለ እተኛለሁ፤ ደኅና ናት ካለ እነሣለሁ። ብቻ ከዚህ ቤት ንዝንዝ ይገላግለኝ።” ካስፓርም “እግዜር ይስጥሽ፣ እኔም ይህንኑ ነው የምለው” አለ። ስለዚህ ሁለቱም የእርስዎን ቃል ይጠብቃሉ።

ዓሣው የኖኅ ዘመን ምስክር መሆኑን ለካስፓር በነገርሁት ጊዜ “ዓሣ በጥፋት ውሃ ሞተ ነው የምትለኝ? እንግዲያው ዳክዬም ሰጥማ ሞተች በለኝ!” ብሎ ሳቀብኝ። ክቡርነትዎ መልስ ቢሰጡኝ እወዳለሁ።

ይህ ደብዳቤ በእግረኛ መልእክተኛ ይቀድማል። ሳጥኑን ዕቃ አመላላሹ ማትያስ ዛሬ በተንሸራታች ጋሪ ወደ ሐይቁ ወስዶ በጀልባ ይልከዋል። በሳጥኑ ውስጥ ዓሣው በሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ ብልቃጡ በገለባ ተደግፏል። ውሃው የዛሬ ንጋት ነው። ስለ ብልቃጡ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ታዛዥ አገልጋይዎ
ኮንራድ

ዙሪክ፣ ጥር 17 ቀን በከተማው አቆጣጠር

ኮንራድ፤

የጻፍኸው በደኅና ተነብቧል። መልእክተኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመለስና በር ላይ ቆሞ እግሩን ስለሚያማታ አሳጥራለሁ።

ለካስፓር ቤት የሚነበበው ይህ ነው፦ “ውሃው ተመርምሯል። ጠርቷል፤ ቀለሙ የገለባ ነው፤ ዝቃጭ የለውም። የዚህ ውሃ ባለቤት ጤነኛ ነው፤ ተነሥቶ ይሥራ። ሥራ ደሙን ያንቀሳቅስለታል።” ማኅተሜን ከታች አድርጌበታለሁ። እንደ ልማዳችን በሁሉም ፊት አንብበው።

ወደ ዓሣው ልመለስ። ከየትኛው የካባው ንጣፍ እንደ ወጣ፣ ራሱ ወደ የት አቅጣጫ እንደ ነበር፣ ከላዩና ከታቹ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ ከሽማግሌዎቹ ጠይቀህ ጻፍልኝ። መካከለኛውን መደርደሪያ አስጠርጌለታለሁ። ለቤቱ ባለቤት ለካስፓር ደግሞ እንዲህ በለው፤ ዓሣው የሞተው ውሃው ሲመጣ አይደለም፤ ሲሄድ ነው።

በመከር ወደ ቤቴ እንደምወስድህ የሰጠሁህን ቃል አልረሳሁም፤ ስለዚህ በየደብዳቤው አታስታውሰኝ። የስብስብ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ፣ ጽሑፉ የሚነበብ፣ የማይዋሽ ሰው ያስፈልገኛል። ከሦስቱ ሁለቱን አይቼብሃለሁ፤ ቁልፉ ገና ነው።

ሰ. ኤርኒ

ኤንጊ፣ ጥር 12 ቀን በሸለቆው አቆጣጠር

ክቡር ሆይ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ስለ መከሩ ያለልክ በማስታወሴ ይቅርታ እለምናለሁ። አራት ዓመት ብቻ ተምሮ የቀረ ሰው የተሰጠውን ተስፋ ደጋግሞ መዳሰስ ይወዳል፤ ከዚህ በኋላ አላነሣውም።

ፍርዱ እንዴት እንደ ተነበበና ቤተ ሰቡ እንዴት እንደ ተቀበለው እንደ ልማዳችን እጽፍልዎታለሁ። እሑድ ዕለት ከምሳ በኋላ በምድጃው አጠገብ አነበብሁት። አንድ ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ካስፓር መስኮቱን ከፈተና “ደግመህ አንብብ፣ ጸሐፊው፤ ከፍ አድርገህ! ጎረቤት ይስማ” አለኝ። ደግሜ አነበብሁ። ከዚያም ወደ ሬጉላ ዞሮ፣

“ሰማሽ ምራቴ? ጤናሽ እኮ እስከ ዙሪክ ታየ! እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውሃ ወጥቶኝ አያውቅም።”

“ሰማሁ፣ አባባ።”

“የገለባ ቀለም ነው የሚለው።”

“ሰምቻለሁ። እንግዲያው እግሬ ነው የሚዋሸው።”

ይህን ብላ ተነሣችና የድንጋይ መሸከሚያዋን ከግድግዳው አወረደች። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እዚህ ድንጋዩን ወንዶች ይሰነጥቁታል፤ ከካባው ወደ መንደር የሚያወርዱት ግን ሴቶች ናቸው፤ ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መንገዱ አሁን በሙሉ በረዶ ነው። ሰኞ አንድ ጊዜ ወረደች፤ ትናንት ሁለት ጊዜ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ቤት ስትገባ አይቻታለሁ። አላጉረመረመችም። ቃሏን ሰጥታለች፤ ካስፓርም ቃሏን ይዟል።

ትናንት ራት ላይ ሾርባውን እንዳልነካሁ ተመለከተችና “ምን ሆነህ ነው የምትቁነጠነጠው? የታየው የእኔ ውሃ፣ የምትገረጣው አንተ!” ብላ ቀለደችብኝ። ካስፓርም በጣም ሳቀ።

ስለ ካባው ንጣፍ የጠየቁኝን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። ራሱ ወደ ምሥራቅ ነበር ይላሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ግን በዚህ ተጣልተዋል።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ድፍረት አይሁንብኝ። በእንዲህ ያለ ውርጭ ውሃ ሐኪምን ሊያሳስት ይችል ይሆን? ሁለተኛ ብልቃጥ ብልክ ይቀበሉኛል? ቤቱ ሌላ ድንቅ ነገር ስለሌለው ስለዚህች ሴት ብቻ ሕግዎን እንዲያላሉልኝ እለምናለሁ። የምለምንበት ምክንያት አለኝ። ልጽፈው ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ አልቆብኛል።

ታዛዥ አገልጋይዎ
ኮንራድ

ዙሪክ፣ የካቲት 1 ቀን በከተማው አቆጣጠር

ኮንራድ፤

ዓሣው ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ስለ ረጋ ጀልባ የለም፤ ሳጥኑን በበረዶው ላይ እየጎተቱ ነው ያመጡት። በገዛ እጄ ከፈትሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ስሰበስብ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። የትንሹ ዓሣ ጭራ ከትልቁ ከንፈር ወጥቶ ሳለ፣ ሞት ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ አገኛቸው። አንዱ ሊውጥ አልቻለም፤ ሌላው ሊያመልጥ አልቻለም። ሦስት መኳንንት መጥተው አይተውታል። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። የክንፉን እሾሆች ቆጥሬ ሥዕሉን እያሠራሁ ነው።

ስለ ሁለተኛው ብልቃጥ፤ አያስፈልግም። ብርድ ውሃን ያሳስታል ወይ ብለሃል። ውሃን ያሳስተዋል፤ ሐኪምን አያሳስተውም። ለአንድ ቤት ሁለት ፍርድ ከሰጠሁ ሸለቆው ሁሉ ሁለተኛ ይጠይቀኛል።

ወረቀቱ አለቀብኝ ብለሃል። ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። ምን ልትጽፍ እንደ ነበር አልጠይቅህም።

ሰ. ኤርኒ

ዙሪክ፣ ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ማደሪያ፣ የካቲት 13 ቀን በከተማው አቆጣጠር

ክቡር ሆይ፤

ይህን የምጽፈው ከቤትዎ ሁለት መንገድ ያህል ርቄ ነው። ሳላስፈቅድ ሥራዬን ትቼ በመምጣቴ ይቅርታ እለምናለሁ። እስከ በርዎ መጥቼ ነበር፤ ለመግባት ግን ድፍረት አላገኘሁም። ለገረድዎ አንድ ብልቃጥ ሰጥቻታለሁ፤ ይህንም ደብዳቤ ለርሷው እሰጣለሁ።

ባዶ በቀረው ግማሽ ገጽ ላይ ልጽፈው የነበረው ይህ ነው። ጥር 3 ቀን የላክሁት ውሃ የሬጉላ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ሬጉላ ብልቃጧን በንጋት፣ እንደ ሕጉ፣ ለማንም ሳትናገር ሰጥታኝ ነበር። በምድጃው አጠገብ ማስቀመጥ ሲገባኝ፣ ሽታው ካስፓርን እንዳያስቆጣው ብዬ መስኮቱ ላይ አኖርሁት፤ ደብዳቤውንም መጻፍ ጀመርሁ። ቀና ስል ውሃው በብርዱ ረግቶ ብልቃጡን ሰንጥቆታል። ማትያስ ከታች ሆኖ “ጸሐፊው! ዓሣህ እንቁላል እስክትጥል ነው የምጠብቀው?” እያለ ይጮኽ ነበር። ሬጉላ ተመልሳ ተኝታለች። አንዲትን የሰው ሚስት ቀስቅሶ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለተኛ መጠየቅ አሳፈረኝ፤ የንጋቱም ሰዓት አልፏል። እኔ ግን ከተነሣሁ ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም ነበር። በሌላ ብልቃጥ የራሴን ሞላሁና አሸግሁት።

ያን ጊዜ ያልተናገርሁት ስለ መከሩ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ዓሣው ማክሰኞ መድረሱን የሚናገረው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ፣ በከተማውና በሸለቆው አቆጣጠር መካከል ያለውን አሥራ አንድ ቀን በባቄላ ፍሬ እየደረደርሁ ደጋግሜ ቆጠርሁ። ስሕተቱ የእኔ እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። ዓሣውና ብልቃጡ የሄዱት በአንድ ሳጥን ነው። ማትያስንም ጠየቅሁት፤ “ሳጥንህ ሐይቁ ዳር መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተኝቷል፤ ከእኔ የተሻለ ዕረፍት አግኝቷል” አለኝ። ስለዚህ ፍርዱ በተጻፈበት ቀን ውሃው ገና በመንገድ ላይ ነበር።

እውነቱን ልሰውር አልፈልግም፤ ይህ ነገር ለሁለት ቀን አስደሰተኝ። ያልታየ ውሃ የማንም ቢሆን ምን ለውጥ አለው? የእኔ ጥፋት ማንንም አልጎዳም ብዬ አሰብሁ። ሁለት ሌሊት በደኅና ተኛሁ። ዓርብ ዕለት ሬጉላ ከነሸክሟ ወደቀች።

ሴቶቹ በድንጋይ መጎተቻ አድርገው አመጧት። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ከንፈሯ ግን ጠቁሮ ነበር፤ ትንፋሿም ከሌላው ክፍል ይሰማል። ካስፓር በራፉ ላይ ቆሞ “ደኅና ሰውም ያዳልጠዋል። ሰኞ ትነሣለች። ሐኪሙ ብሏል” አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የተጻፈውን አምኗል።

እሑድ ከስብከት በኋላ፣ የጠፋ ከብትና የሚሸጥ ድርቆሽ በሚነገርበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰባኪውን አስፈቅጄ ተናገርሁ። በጥር የተነበበው ውሃ የሬጉላ ሳይሆን የእኔ እንደ ነበር ነገርኋቸው። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። በኋላ አንዲት ሴት፣

“ቆይ፣ ቆይ፤ ያን ሁሉ ሰሞን ጠራ፣ የገለባ ቀለም ነው እያልን ያመሰገንነው ያንተን ነው?” አለች።

“የእኔን ነው።”

“እሰይ! ለሚስትነት የምትፈልግህ ካለች ማስረጃ አለህ።”

ማትያስም “በእኔ ጋሪ ጭኜ!” ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው ካስፓር ብቻ ነው። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ቀስ ብሎ፣

“ሦስት ሳምንት ሙሉ ምራቴን በአንተ ሽንት አስነዳኸኝ” አለኝ።

ለሬጉላ እኔው ሄጄ ነገርኋት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝና “እንግዲያው እግሬ አልዋሸም” ብቻ አለች።

ስለ ማክሰኞው ለማንም አልተናገርሁም። አልናገርምም።

ለገረድዎ የሰጠሁት ብልቃጥ ሬጉላ ሰኞ ንጋት በገዛ እጇ የሰጠችኝ ነው። እንዳይረጋ በሸሚዜ ውስጥ ከሆዴ ጋር አስሬ ሦስት ቀን አመጣሁት። ስተኛ በጀርባዬ ተኛሁ፤ በበረዶው ላይ ስወድቅ በክርኔ ወደቅሁ። ከብልቃጡ ጋር ድንቅ ነገር አላመጣሁም፤ ያ ቤት የነበረው አንድ ብቻ ነው። የምለምነው የመጀመሪያው ፍርድ መሻሩን የሚናገር ወረቀት ከነማኅተምዎ ነው። ካስፓር የእኔን ቃል ከእንግዲህ አይቀበልም፤ እርሱም እውነት አለው። ያለ ወረቀቱ ከተመለስሁ ትነሣለች፤ ከተነሣች ፋሲካን አታይም።

መልስዎን እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ። ስለ መከሩ ምንም አልጠይቅም።

ኮንራድ

በዚያው ቀን

ኮንራድ፤

ብልቃጡ ሙሉ ሆኖ፣ ገና ለብ እንዳለ ደረሰኝ። በመስኮቱ ብርሃን ሁለት ጊዜ፣ በሻማ አንድ ጊዜ አየሁት። ደፍርሷል፤ ሲነቀነቅ የሚወጣው አረፋ ለረጅም ጊዜ አይከስምም። የታመመች ሴት ውሃ ነው። ትተኛ፤ እግሮቿ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ጨው የበዛበትን አይብ ትተው። የጥድ ፍሬ ተቀቅሎ ጠዋትና ማታ ትጠጣ። አንዲት ድንጋይ እንኳ አትሸከም፤ አሁንም ሆነ ሲሻላት። ትድናለች ብዬ ቃል አልገባም። ይህ ሁሉ በሌላ ወረቀት ከነማኅተሜ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ፍርድ የሐኪሙ ስሕተት መሆኑም ተጽፎበታል። የሐኪሙ ብያለሁ፤ እንዳታርመው።

ቆጠራህ ትክክል ነው። የጥር ደብዳቤህን ሳነብ መልእክተኛው በር ላይ ነበር፤ ጥቂት ቀን ጠብቁ ብዬ ብመልስ ሴትየዋ ሐሳቧን ለውጣ ዓሣውን ከመንገድ ታስመልሰዋለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ብዙ ብልቃጥ ያየ ሰው፣ ሳያይም የሚያውቅ ይመስለዋል። ሳጥኑ ሲከፈት ያንተ ብልቃጥ ደቅቆ ገለባው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ነበር። ይህን ያየሁት ዓሣውን ካነሣሁ በኋላ ነው። ከማየቴ በፊትም ምናልባት አንድ ሰዓት አልፎ ይሆናል።

ዓሣውን ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ላልታየ ውሃ የተሰጠ ድንቅ ነገር መደርደሪያዬ ላይ አይቀመጥም። ከባድ ነው፤ በጀርባህ እንጂ በክንድህ አትያዘው።

በመከር አትመጣም። ይህ ቅጣት እንዳይመስልህ። ሦስቱንም አይቼብሃለሁ። ነገር ግን የስብስብ ክፍሌን በየማለዳው የሚከፍትልኝ ሰው ዐይኑን ባየሁ ቁጥር ማክሰኞን የሚያስታውሰኝ ቢሆን ልታገሠው አልችልም። አንተ ብትችልም እኔ አልችልም።

ወደ በሩ አትምጣ። ሳይመሽ መንገዱን ጀምር።

ሰ. ኤርኒ

ኤንጊ፣ ሚያዝያ 29 ቀን በሸለቆው አቆጣጠር

ክቡር ሆይ፤

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። “አለች ወይ?” የሚለው ባለ አንድ መስመር ደብዳቤዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሶኛል። መልሴ የዘገየው እርግጠኛ ሳልሆን መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው፤ ይቅርታ እለምናለሁ።

አለች።

እብጠቱ ከባቷ ወርዶ በቁርጭምጭሚቷ ብቻ ቀርቷል። ፀሐይ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ደረጃውን ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ትቀመጣለች። ካስፓር ወረቀትዎን ሰባኪውን ሁለት ጊዜ አስነበበው፤ “የሐኪሙ ስሕተት” የሚለው ጋ ሲደርስ እኔን አየኝ፤ ነገር ግን ምንም አልጠየቀም። የጥድ ፍሬውን ራሱ እየለቀመ ይቀቅልላታል፤ እያፈሰሰም ቢሆን። ትናንት እንዲህ አለኝ፦ “ጌታህ ዓሣው የሞተው ውሃው ሲሄድ ነው ብሎ ነበር፤ ምራቴ ደግሞ ውሃው ሲሄድላት ዳነች። ይህንን ጻፍለት፤ መልስ ካለው ይላክ።” ጽፌአለሁ።

ዓሣው ወደ ቦታው ተመልሷል። ሚስማሩን ያጠበቀው ካስፓር ነው።

ለምን ወደ እናቴ አልተመለስሁም ብለው መጠየቅዎን ከመልእክተኛው ሰምቻለሁ። ከዙሪክ በተመለስሁበት ቀን ካስፓር የሬጉላን መሸከሚያ ይዞ በራፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓሣውን ከጀርባዬ ሳላወርድ፣

“የጥሩን ወረቀት አምጣና አንብብልኝ” አለ።

አነበብሁለት። “የዚህ ውሃ ባለቤት ጤነኛ ነው፤ ተነሥቶ ይሥራ” የሚለው ጋ ስደርስ አቆመኝ።

“የማን ነበር ውሃው?”

“የእኔ።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?”

ዓሣውን ተቀበለኝና መሸከሚያውን በጀርባዬ ላይ ጫነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሬጉላን ድርሻ የማወርደው እኔ ነኝ። ሴቶቹ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን በበረዶው ላይ እግሬን የት እንደማሳርፍ ይነግሩኛል። በቀን ሁለት ጊዜ እወርዳለሁ። ምግብ ይጥመኛል። እንቅልፌም ተመልሷል። ክቡርነትዎ ሳያዩ የጻፉት ፍርድ እስካሁን ስሕተት አልተገኘበትም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምትደርስዎ ትንሽ ድንጋይ ባለፈው ሳምንት ከሸክሜ ላይ ተሰንጥቃ የወደቀች ናት። በውስጧ አውራ ጣት የማታክል ዓሣ አለች፤ አፏ ባዶ ነው። ሬጉላ “ላክለት” አለችኝ። ዋጋ አይደለችም፤ የታመመም ሰው የለም። በሳጥኑ ውስጥ ብልቃጥ አይፈልጉ።

ኮንራድ